ቡፌ ላይ አራት ዓመት የቆመ ወይን፦ ባሕር ዳር ላይ ወይን ማቆየት ይቻላል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሽምብጥ ነው የምኖረው። ጥያቄዬ ስለ ወይን ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ስንጋባ ከሠርጉ 9 ጠርሙስ ወይን ተረፈ። 4 ጉደር፣ 3 አክሱማይት፣ 2 ደግሞ ወንድሜ ከፈረንሳይ ይዞት የመጣ። ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል ሲባል ስለሰማን አንንካው ተባባልን። ሁለቱን የፈረንሳይና ሁለት ጉደር ሳሎን ቡፌው ላይ ደረደርናቸው። የቀሩት ቦታ ስላጡ ከነካርቶናቸው አልጋ ሥር ገቡ። ሳሎኑ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቡፌው ላይ ይወድቃል።

ባለፈው እሑድ ልጃችን ክርስትና ተነሣች። ከፈረንሳይ የመጣውን አንዱን ጠርሙስ እንግዳ ፊት ከፈትኩ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፤ ልብ አላልኩትም። ስቀዳው ቀለሙ ጡብ መሰለ። ሽታው የተቀቀለ ዘቢብና አቼቶ የተቀላቀለበት ነው። አማቴ አንዴ ቀመሱና ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱ። ምንም አላሉም። እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አራት ዓመት ሙሉ በክብር የጠበቅነው ነገር ነው።

8 ጠርሙስ ቀርቶናል። ምን ስህተት ሠራሁ? የቀሩትንስ የት ላስቀምጥ?

ይህን ከጻፍኩ በሦስት ሳምንት ውስጥ 34 መልስ መጣልኝ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄዬና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ደግመው መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ቁጥር ናቸው።

1ኛው የሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ 12 ዓመት ባር ላይ የሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ ልጃችንን መረቀልን። ከዚያ ወዲያው አልፈረደም፤ ጠየቀኝ። ጠርሙሶቹ ቆመው ነበር ወይስ ተኝተው? ክዳናቸው ቡሽ ነው ወይስ የሚጠመዘዝ? መልሴን እንዳየ ነገሩ ገባው። የወጣው ቡሽ የሙቀት ምልክት ነው አለ። ወይን ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባልና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየቀኑ ለአራት ዓመት ሲደጋገም ቡሹ ይላላል። ብርሃኑም ሌላ ጠላት ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ የወይን ጠርሙስ አረንጓዴ ወይም ቡና ዓይነት የሚሆነው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ይተኛ፤ ወይኑ ቡሹን እየነካ ካላረጠበው ደርቆ ይኮማተራል። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ግን ቆመም ተኛ ለውጥ የለውም። ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባላነብ ይቺ መልስ ብቻዋን ትበቃኝ ነበር።

2ኛው አልተስማሙም። ፋሲሎ የሚኖሩ ጎልማሳ መሆናቸውን ነግረውናል። ወይን በቆየ ቁጥር ይሻላል፣ አለቀ፤ ይህ የአባቶች ነገር ነው አሉ። አጎታቸው ጎንደር ውስጥ አንድ ጠርሙስ 15 ዓመት አስቀምጠው ልጃቸው ሲመረቅ ከፍተውት ማር ሆኖ አግኝተውታል። የቃናውን ሠርግም አነሡ። መልካሙ ወይን ለመጨረሻ የቆየው በከንቱ አይደለም፤ የእኔ የተበላሸው መጀመሪያውኑ ውሸት ወይን ስለሆነ ነው ብለው ደመደሙ።

3ኛው ዘጌ ያደገ ዲያቆን ነው። በጣም በትሕትና ነው ያረማቸው። የቃናው ወይን በዚያው ሰዓት ከውሃ የተለወጠ እንጂ ዓመታት የተቀመጠ አይደለም አለ። ቀጥሎ የነገረን ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ ታጥቦ፣ ቤተልሔም በሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ የመሥዋዕት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ለዚያው ቀን ቅዳሴ ይደርሳል። አያድርም። ስንት ዓመት ቅዳሴ ሳስቀድስ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። 4ኛው አሜን ብቻ ነው።

5ኛው ፍሪጅ ውስጥ ክተተውና ተገላገል አለ። 6ኛዋ አልፈቀደችም። ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ፍሪጅ ደህና ነው። ለዓመታት ግን የ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይበዛበታል፤ ውስጡ ያለው ደረቅ አየርም ቡሹን ያደርቀዋል። ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ይሞቃል፣ ሲመጣ ይበርዳል። ወይን የሚፈልገው አንድ ወጥ ቅዝቃዜ ነው። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልገኝም አለች።

7ኛው መልስ ኃይለኛ ነበር። ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ስለ ጠርሙስ ማስተኛት ታወራላችሁ ወይ ብሎ ተቆጣ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም አጠፋሁት። ኑሮው እንደከበደ እኔም አውቃለሁ። ግን ያለንን አበላሽቶ መድፋትም ለማንም ዳቦ አይሆንም። 8ኛው ላይ ይህንኑ ጻፍኩለት፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

9ኛዋን መልስ ሁላችሁም አንብቧት እላለሁ። የጻፉት ከ30 ዓመት በላይ ጠጅ ጥለው የሸጡ እናት ናቸው። ከዚህ መልስ ጀምሮ ክሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ስለ ወይን አላውቅም ብለው ጀመሩ። ስለ ማቆየት ግን የሚያውቁት ከሁላችንም ይበልጣል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ጠጁ ከገባ በኋላ አፉ ይመረጋል። ጠጅን የሚገድለው ቅመሱልኝ እያሉ መክፈት ነው። አንድ ሰው በቀዳ ቁጥር ጋኑ ይጎድላል፣ የጎደለው ቦታ አየር ይሞላዋል፣ ጠጁም ይሆመጥጣል። እሳቸው ስለዚህ ጋኑ ግማሽ ሲደርስ የቀረውን ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጠው ሙሉ አድርገው ይከድኑታል። ጠጅ ሲቆይ ይደርቃል፣ ኃይሉ ይጨምራል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ኮምጣጤ ነው። ለመቆየት ያልተሠራን ነገር ለምን ታቆያለህ ልጄ፣ ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄያቸው ክሩን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው።

10ኛው የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ከእትዬ ጥያቄ ተነሥቶ የትኛው ወይን ይቆያል፣ የትኛው አይቆይም የሚለውን አብራራ። ቀይ ወይንን የሚያቆየው ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን ነው፤ አፍን ጭምድድ የሚያደርገው ማለት ነው። ከእሱ ጋር ጥሩ አሲድ ያስፈልጋል። ስኳርም ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። እነዚህ የተሟሉለት ወይን ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ አሥርና ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ታኒኑ እየለሰለሰ፣ ሽታው እየተለወጠ ይሄዳል። በዓለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው ወይን ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የሚሠራው። ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፣ አክሱማይት ጣፋጭ ቀይ። ሁለቱም ገዝተው የሚጠጧቸው የማዕድ ወይኖች ናቸው፤ በማስቀመጥ የሚጨመርላቸው ነገር የለም።

ሙቀቱን በቁጥር ያስቀመጠውም እሱ ነው። ለወይን ተስማሚው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው፤ 13 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ከ25 በላይ ረጅም ጊዜ ከቆየ እየተቀቀለ ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። እኛን የሚጎዳን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የቀን ሙቀትና በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቴርሞሜትር ገዝተህ ቤትህን ለካ፣ ከዚያ እንነጋገር አለኝ።

ለካሁ። 11ኛው የእኔ መልስ ነው። ሦስት ቀን ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መዘገብኩ። ቡፌው ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት 30 ዲግሪ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል 19። አልጋ ሥር ከፍተኛው 24፣ ዝቅተኛው 21። ከጓሮ ያለችው ዕቃ ቤታችን ግድግዳዋ ጭቃ ነው፣ ኮርኒስ አላት፣ መስኮት የላትም። ወለሏ ላይ ቀኑን ሙሉ 21ና 22 ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ ብዬ አልገመትኩም ነበር።

12ኛው ላይ የፋሲሎው ሰው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ አነጋገራቸው ከረር ብሏል፤ አስተማሪውን ከእርስዎ ወደ አንተ አወረዱት። ሙቀት ወይን ያበላሻል የምትል ከሆነ ማዴይራን ንገረኝ አሉ። ማዴይራ የፖርቱጋል ደሴት ናት። ወይኗ ድሮ በመርከብ ሆድ ውስጥ ሞቃት ባሕር እያቋረጠ ሲሄድ ጣፍጦ ስለተገኘ ዛሬም ሆን ተብሎ ይሞቃል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ካነበብኩት በኋላ አጣርቻለሁ። 13ኛው የአስተማሪው ምላሽ ነው። እሱም ሞቅ ብሎት ነበር። ማዴይራ ጠንካራ አልኮል የሚጨመርበት፣ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ወይን ነው፤ ሠሪዎቹ ሙቀቱን ተቆጣጥረው ነው የሚያሞቁት። የሳሎን ቡፌ ግን ማንም አይቆጣጠረውም። ካለማወቅ ጋር አልከራከርም ብሎ ጨረሰ። ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ባይጽፋት ደስ ይለኝ ነበር። ሰውየው የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው።

14ኛው ፍሬያቸው ዝዋይ ተተክሎ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት፣ እነ ሪፍት ቫሊ የሚባሉት ወይኖችስ ይቆያሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ፍሬው ፈረንሳዮች የሚተክሉት ዓይነት፣ እነ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ነው። 15ኛው ላይ የሆቴሉ ሰው መለሰለት። ፍሬው የትም ይምጣ፣ ሙቀት ለሁሉም ሙቀት ነው አለ። እዚያው ላይ ስለተከፈተ ጠርሙስም ጨመረ። የተረፈውን ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ ክደንና ፍሪጅ ክተተው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆይልሃል። ልክ የእትዬ ጋን ነው። አንዱ ከትምህርት ሳይሆን ከሥራ፣ ሌላዋ ከጋን ወደዚያው ነጥብ ደረሱ።

ከ16 እስከ 21 ድረስ ክሩ ከወይን ወጣ። አንዱ የዘጌ ጌሾ ከሌላው ይበልጣል አለ፤ ሌላው አይበልጥም አለ። ዲያቆኑ የአገሩን ጌሾ ለመከላከል ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ቡናውንና ሎሚውንም ጨመረበት። ከዚያ ነገሩ ወደ ጀልባ ዋጋ፣ ከጀልባ ወደ እምቦጭ ሄደ። እምቦጩን ያነሣው ልጅ የጻፈው ልብ ይነካል፤ ግን የራሱ ክር ይገባዋል።

22ኛው መልሶ ወደ ጉዳዩ አመጣን። ጓሮ ጉድጓድ ቆፍር አለኝ። ጆርጂያኖች ትልቅ የሸክላ ጋን መሬት ውስጥ ቀብረው ወይን ይጥላሉ። እዚያ የተገኘው የወይን ቅሪት ወደ 8000 ዓመት ይጠጋዋል። ዩኔስኮም ይህን አሠራራቸውን በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦላቸዋል። ከመሬት በታች ሙቀቱ ስለማይዋዥቅ ነው። ሐሳቡ በጣም ማረከኝ። 23ኛዋ ግን ከሐይቁ አጠገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። የሽንት ቤት ጉድጓድ ስታስቆፍር ምን እንደገጠማት ነገረችን። ሁለት ሜትር ሳይደርሱ ውሃ አፈለቀ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እስከ አፉ ሞላ። በዛዊት በኩል ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰው ይሞክረው፣ እኛ ውሃ ዳር ያለነው ግን ጠርሙሳችንን በሐምሌ ከጭቃ ነው የምናወጣው አለች። 24ኛው ተስማማ። 25ኛው የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

26ኛው እንደገና እትዬ ናቸው። ጉድጓድ ለምን አስፈለገ፣ እንስራ የለም ወይ አሉ። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ቶሎ ይተንና ቅዝቃዜውን ለውስጡ ይተውለታል። አንገቱ የተሰበረ ጋን ፈልግ፤ ጠጅ ቤት ሁሉ አይጠፋም። ዕቃ ቤትህ ወለል ላይ ሰፊ ሳፋ አድርግ፣ ሳፋው ውስጥ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ጋኑን። ከዚያ ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው። ውስጡን ጭድ ጎዝጉዝና ጠርሙሱን አኑር።

27ኛው አስተማሪው ነው። በዚህ መልስ ደስታው ከጽሑፉ ይታያል። የሚተን ውሃ ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ፣ ክረምት ላይ አየሩ ስለሚረጥብ ጥቅሙ እንደሚቀንስ፣ ግን ክረምት ላይ ቤቱ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ብዙም እንደማይጎዳ አስረዳ። 28ኛው የሆቴሉ ሰው አንድ ችግር አየ። ጋን ውስጥ ጠርሙስ ማስተኛት አይመችም። እንግዲያው አንገታቸውን ወደ ታች አድርገህ ጭዱ ውስጥ ትከላቸው፣ ቡሹ እርጥብ ይሆናል። ከመክፈትህ አንድ ቀን በፊት ግን አቁማቸው፤ አተላው ወደ ታች ይዝቀጥ። 29ኛው የጠርሙሱ ወረቀት ይሻግታል ብሎ ተቃወመ። ይሻግት፤ ወረቀቱን አንጠጣውም።

30ኛው የፋሲሎው ሰው ናቸው። ወደ እርስዎ ተመልሰዋል። አስተማሪውን ይቅርታ አልጠየቁም፣ ግን አንድ ነገር አስታወሱ። የአጎታቸው ጠርሙስ 15 ዓመት የተቀመጠው ጎንደር ውስጥ፣ በድንጋይ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለ የእህል ጎታ ጥግ ነው። ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ይህን በመጻፋቸው አከበርኳቸው። 31ኛው ላይ አስተማሪው አመሰገናቸው፤ ስለ አለማወቅ የጻፋትን ቃልም ሰረዛት።

32ኛው የእኔ ነው። አስተማሪው አንድ ዓይነት ወይን ከሁለት ቦታ አወዳድር ብሎኝ ስለነበር አንድ ጉደር ከቡፌው፣ አንድ ጉደር ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ባለቤቴና ጎረቤታችን እያዩ ሁለቱንም ከፈትኩ። በሁለት ነጭ ብርጭቆ ቀድቼ ነጭ ወረቀት ላይ አቆምኳቸው። የቡፌው ጠርዙ ቡናማ ሆኗል፣ ሲሸት የደረቀ በለስ ይመስላል፣ አፍ ውስጥ ጠፍጣፋ ነው። ከካርቶኑ የወጣው ጥቁር ቀይ እንደሆነ አለ። ሽታው ደክሟል እንጂ አልሞተም። ባለቤቴ ሁለተኛውን ጠጥታ የመጀመሪያውን ወደ እኔ ገፋችው። በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ስድስት ሜትር ተራርቀው የኖሩ ጠርሙሶች ናቸው።

33ኛው የሆቴሉ ሰው ስለ ሁለተኛው የፈረንሳይ ጠርሙስ የመከረኝ ነው። ከእንግዲህ አይሻሻልም፣ ዛሬውኑ ክፈተው አለ። ከፈትነው። እንደ ወንድሙ አልከፋም፤ ግን የሚጠጣም አልነበረም። እሱንና የቀረውን የቡፌ ጉደር እትዬ ለአቼቶ አድርጉት ስላሉን አፋቸውን በነጠላ ጨርቅ አስረን ጓዳ አስቀምጠናል። ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም።

አንዱን ጉደርና ሦስቱን አክሱማይት ጋኑ ውስጥ ጭድ ላይ ተክያቸዋለሁ። ጋኑን ያገኘሁት ገበያ አጠገብ ካለ ጠጅ ቤት ነው፤ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ዕቃ ቤቱ 22 ሲሆን ጋኑ ውስጥ 18 ተኩል ነበር። የሚከፈቱበትን ቀንም ቆርጠናል፤ ሁለቱ ለመስቀል፣ ሁለቱ ለጥምቀት። ከዚያ አያልፉም። ጆንያውን በቀን ስንቴ ላርጥበው ብዬ እትዬን ጠይቄ ነበር። 34ኛው መልስ የሳቸው ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ አንዴ፣ ማታ ስትገባ አንዴ፣ ውሃው ግን ሳፋው ውስጥ እንዳይቆም።